ሕያው ልባስ፦ ከምድር በታች ዓለት የለበሰው ሕይወት

ወንዝ ስንሻገር በድንጋዩ ላይ ሆኖ እግራችንን የሚያንሸራትተው ሙልጭልጭ ነገር፣ ጠዋት ጥርሳችንን ከመፋቃችን በፊት ምላሳችን የሚዳስሰው ስስ ንብርብር፣ በውሃ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ዝልግልግ ወገናቸው አንድ ነው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከጠጣር ገጽ ጋር ተጣብቀው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ ተሸፋፍነው በማኅበር ሲኖሩ ሳይንስ ያንን ማኅበር ባዮፊልም ይለዋል። ለአማርኛ «ሕያው ልባስ» የሚለውን ስም አቀርባለሁ። ስሙን አጥብቄ የምፈልገው ደግሞ ከእግራችን በታች፣ የፀሐይ ብርሃን ደርሶበት ለማያውቀው ዓለት ነው።

ሕይወት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከፀሐይ ይመገባል የሚለው ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ኤድሰን ባስቲን ከነዳጅ ጉድጓዶች በወጣ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱን ሲያስታውቅ፣ ብዙዎች ከላይ ሾልኮ የገባ ብክለት ነው ብለው አለፉት። ዛሬ እንዲያ ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2008 በታተመ ጥናት፣ በደቡብ አፍሪካው የምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ከሚገኝ ስንጥቅ የተቀዳ ውሃ ተመርምሮ፣ በውስጡ ከነበሩት ተሕዋስያን ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአንድ ዝርያ አባላት ሆነው ተገኙ። ዝርያው ዴሱልፎሩዲስ አውዳክስቪያቶር ተባለ፤ ሁለተኛው ስም በላቲን «ደፋር መንገደኛ» ማለት ሲሆን ከዡል ቬርን ልቦለድ የተወሰደ ነው። አኗኗሩ ከስሙ የበለጠ ይደንቃል። በዓለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም የሚረጨው ጨረር ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ባክቴሪያው ያንን ሃይድሮጅን ከሰልፌት ጋር እያዋሃደ ኃይል ያገኛል። በዚህ የምግብ ሰንሰለት ውስጥ ፀሐይ የለችበትም።

ዲፕ ካርቦን ኦብዘርቫቶሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ከየብስና ከባሕር ወለል በታች ያለው ሕይወት ከ15 እስከ 23 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይይዛል። ይህ በሰው ልጆች ሁሉ አካል ውስጥ ካለው ካርቦን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ታዲያ ስለ የብሱ ጥልቀት ከሚታወቀው ውስጥ አብዛኛው የተገኘው ውሃ በመቅዳት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከስንጥቅ የሚፈልቅን ውሃ ማጣራትና በውስጡ ያሉትን ሕዋሳት መቁጠር ይቻላል። ዓለቱን ቆርጦ ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ መሰርሰሪያው፣ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ የሠራተኛው እጅ ሁሉ የላዩን ዓለም ባክቴሪያ ይዘው ይወርዳሉ፤ በናሙናው ላይ ካሉት ጥቂት የጥልቁ ነዋሪዎች ይልቅ እንግዶቹ ይበዛሉ። ሃንስ-ኩርት ፍሌሚንግና ሽቴፋን ቩርትስ በ2019 ባሳተሙት ግምገማ፣ በጥልቁ ምድር ካሉት ሕዋሳት ከ20 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በሕያው ልባስ ውስጥ እንደሚኖሩ ገምተዋል። የቁጥሩ ስፋት ራሱ ይናገራል። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አይተን ስለ ነዋሪው ሁሉ ስንፈርድ፣ ምናልባት አብዛኛውን ሳናየው ነው።

ለመሆኑ ተሕዋሲው ከዓለቱ ጋር መጣበቅን ለምን ይመርጣል? ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማዕከል እዚህ ላይ ነው። እኛ ስንተነፍስ ከምግባችን የወጡ ኤሌክትሮኖች በመጨረሻ ለኦክስጅን ይሰጣሉ። ኦክስጅን በደም ተጉዞ እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ስለሚገባ፣ ርክክቡ የሚፈጸመው እዚያው ውስጥ ነው። በጥልቁ ምድር ኦክስጅን በጣም አነስተኛ ነው ወይም ጨርሶ የለም፤ ኤሌክትሮን ሊቀበል የሚችል የብረት ወይም የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ግን በዓለቱ ውስጥ አለ። ይሁንና ጠጣር ነው፤ ሕዋሱ ሊውጠው አይችልም። ስለዚህ እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮኑን በውጫዊ ሽፋናቸው ላይ ባሉ ፕሮቲኖች አሳልፈው፣ ከአካላቸው ውጭ ለማዕድኑ ያስረክባሉ። ለዚህ ደግሞ ማዕድኑ አጠገብ መሆን፣ ከተቻለም መንካት ያስፈልጋል። በተቃራኒው ከብረትና ከድኝ ማዕድናት ኤሌክትሮን የሚወስዱም አሉ፤ እነዚህን፣ ሥጋ በልና ቅጠል በል እንደምንለው፣ «ዓለት በል» ብንላቸው ያምርብናል። እንግዲህ ያው አንድ ዓለት ለአንዱ ማዕድ፣ ለሌላው እስትንፋስ ነው። ሙጫው ይህን ቅርበት ያጸናል፤ ውሃው ጠርጎ እንዳይወስዳቸው ይይዛቸዋል፤ አንዱ የጣለውን ሌላው እንዲያነሳ ጎረቤት ለጎረቤት ያቆያቸዋል።

ይህን በቅርብ ለማየት ከተመቹት ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ በተባለው ተራራማ አካባቢ ይገኛል። የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ከ120 ዓመታት በላይ ተቆፍሮ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ከወረደ በኋላ በ2002 ተዘጋ፤ ዛሬ የሳንፎርድ የከርሰ ምድር ምርምር ማዕከል ነው። ማዕድን አሳሾች ቀድሞ ወርቅ ፍለጋ የሰረሰሯቸው ቀዳዳዎች አሁንም ከዓለቱ ስንጥቆች ውሃ ያመጣሉ። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ማግዳሌና ኦስበርን ከባልደረቦቿ ጋር፣ ከ244 እስከ 1,478 ሜትር ጥልቀት ባሉ ስድስት ቀዳዳዎች ላይ ቋሚ መመልከቻ አቋቁማለች። ዘዴያቸው ብልህ ነው። ዓለቱን ሰብሮ ከማውጣት ይልቅ የማዕድን ቅንጣቶችን በሚፈሰው ውሃ መንገድ ላይ አስቀምጠው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው መጥተው እስኪሰፍሩ ጠበቁ። ኬትሊን ካሳር የመራችው ጥናት እንዳሳየው፣ በማዕድኑ ላይ የሰፈረው ማኅበር በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው የተለየ ነበር። አሰፋፈሩም እኩል አልነበረም፤ ብረት፣ ማንጋኒዝና ድኝ ያለባቸው ማዕድናት ብዙ ነዋሪ ስበዋል። ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ማን የት እንደሚኖር የሚወስነው ዓለቱ ሆነ ማለት ነው።

ስሙን በዚህ ሚዛን እንየው። «ባዮፊልም» እንዳለ ቢወሰድ ነውር የለውም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን «ፊልም» ለአማርኛ አንባቢ ሲኒማ ነው። «ስስ ሽፋን» የቀለም ቅብንም የአቧራ ንብርንም እኩል ይጠራል። «ዝልግልግ» የእጅን ስሜት እንጂ የነገሩን ምንነት አይገልጽም፣ በዚያ ላይ መጸየፍ አለበት። ልባስ ግን «ለበሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ ለባሹንም የሚለበሰውንም አብሮ ያነሳል፤ እነዚህ ተሕዋስያን ያለ ዓለቱ የማይነገርላቸው መሆኑን በራሱ ይይዛል። ለሥራም ይመቻል፦ «ዓለቱ ለብሷል»፣ «ልባሱ ተገፈፈ»፣ «ልባስ አልባ ገጽ» ማለት እንችላለን። አንድ ጉድለት አለው። ልባስ ሲባል ገላውን ሁሉ ያለበሰ ይመስላል፤ በጥልቁ ዓለት ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚህም እዚያም የተጣለ እራፊ ነው፣ በመካከሉም ሰፊ ባዶ ገጽ አለ። ጸሐፊ ይህን በቅጽል ማሟላት ይኖርበታል፤ «የተቆራረጠ ሕያው ልባስ» ቢል ትክክል ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም። ስዊድን ያገለገለ የኑክሌር ነዳጇን ወደ 500 ሜትር ጥልቀት በሚደርስ ዓለት ውስጥ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ መያዣ ልትቀብር ወስናለች፤ መያዣው 100,000 ዓመት እንዲቆይ ይጠበቃል። ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ሰልፋይድ ያመነጫሉ፣ ሰልፋይድ ደግሞ መዳብን ይበላል። ስለዚህ በኦስካርስሃምን አቅራቢያ፣ 450 ሜትር ገደማ በሚወርደው የኤስፖ ዋሻ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካርስተን ፔደርሰንና ባልደረቦቹ ለዓመታት የከርሰ ምድሩን ውሃ በዓለትና በመስታወት ገጾች ላይ በግፊት እያሳለፉ፣ ማን እንደሚጣበቅና ምን ያህል እንደሚሠራ ለኩ። በመያዣው ዙሪያ የሚጠቀጠቀው ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ፣ በደንብ ከታመቀ፣ ባክቴሪያ ሊሠራበት የሚችል ክፍተት አይተውም። ከሸክላው ውጭ ባሉት የዓለት ስንጥቆች ላይ ያለው ልባስ ግን እዚያው ይኖራል፤ ሰልፋይዱም በሸክላው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ መዳቡ ሊሰርግ ይችላል። የመያዣው ዕድሜ ሲሰላ ይህ ስርገት አብሮ ይሰላል።