ቀናችንን ብናውቀውስ?

ውድ የእድራችን አባላት፣ እዚህ ፍላቂት ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ «ምነው የምሞትበትን ቀን ባወቅሁት» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቀናቸው መድረሱን ያወቁ አንድ ንጉሥ በዚሁ በኛ ደጋ በኩል አልፈው ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ/ም ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጨጨሆና በቤተ ሖር አድርገው መቅደላ ገቡ። እንግሊዞች ሲቀርቡ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ብዙ አበሻ እስረኞችን ገደል አስጣሉ። ዓርብ እሮጌ ላይ ጦራቸው ድል ሆነ፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳበቃ ገባቸው። ቅዳሜና እሑድ ፈረንጆቹን እስረኞች ለቀቁ። ሰኞ ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ተከታዮቻቸውን አሰናብተው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ምሕረቱ ለቅዳሜዎቹ ደረሰ፤ ለሐሙሶቹ ግን ዘገየ።

እድራችንም ቢሆን የቆመው ቀኑን ባለማወቃችን ነው። ቢታወቅማ፣ የራቀለት መዋጮ አይከፍልም፤ የቀረበለት በዋዜማው መጥቶ ይመዘገባል፤ ካዝናውም ባዶ ይቀራል።

እኔ በጸሐፊነት ዘመኔ ስንቱን ቀን መዝግቤአለሁ። የራሴን ግን ብጠየቅ ማወቅ አልፈልግም። ብቻ የተጣላን ካለን ዓርብን ሳንጠብቅ እንታረቅ።

ዕድሜና ጤና ይስጠን።