ሎድ ሼዲንግ፦ ጭነት ማራገፍ

«ሎድ ሼዲንግ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፈረቃን ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ ይዳረስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ መኝታ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ባለው ተሽከርካሪ ቤት፣ በአርቪ ውስጥም ይሠራበታል። ፈረቃ የሰዓት ድልድል ነው፤ ይህኛው ግን ጭነቱ በበዛበት ቅጽበት የሚደረግ ነው። ስለዚህ «ጭነት ማራገፍ» ብንለው ይሻላል፤ ከደከመ አጋሰስ ላይ ጥቂቱን አውርዶ ሲበረታ መልሶ እንደመጫን ነው። መሣሪያው በራሱ ሲያደርገው «ራስ ሰር ጭነት ማራገፍ» ይሆናል።

አርቪው የሚቆምበት የካምፕ ቦታ ሶኬት ብዙ ጊዜ 30 አምፔር በ120 ቮልት፣ ማለትም 3,600 ዋት ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ባለ 13,500 ቢቲዩ አየር ማቀዝቀዣ 13 አምፔር ያህል ይወስዳል። ማይክሮዌቭ ወደ 13፣ ባለ 1,440 ዋት የውኃ ማሞቂያ ደግሞ 12 ይጨምራሉ። ድምሩ 38 ነው። ብሬከሩ ወዲያው ላይወርድ ይችላል፤ እየጋለ ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ምሳ ሊቀርብ ሲል ቤቱን ሁሉ ያጠፋዋል።

ጭነት አራጋፊው መሣሪያ በዋናው ሽቦ ዙሪያ በሚገባ ቀለበት የሚያልፈውን አምፔር ይለካል። ከወሰኑ ሲያልፍ አስቀድሞ በተሰጠው ቅደም ተከተል ያራግፋል፤ የውኃ ማሞቂያው ቢቀድም ጥሩ ነው፤ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያልና። ደህና መሣሪያ ያራገፈው ዕቃ ስንት አምፔር ይወስድ እንደነበር ያስታውሳል፤ ያን ያህል ቦታ ሳይገኝ መልሶ አይጭነውም። ይህን የማያውቅ መሣሪያ ሲያበራና ሲያጠፋ ይውላል።

አየር ማቀዝቀዣውን ለማራገፍ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የ120 ቮልቱን መስመር በኮንታክተር መቁረጥ ነው፤ ማራገቢያው ሳይቀር ይቆማል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ከቴርሞስታቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ ትእዛዝ የሚወስደውን የ12 ቮልት ቀጭን ሽቦ በሪሌይ መሃል ማሳለፍ ነው። ማራገቢያው አየር ማንቀሳቀሱን ይቀጥላል፤ ሪሌዩም ትንሽ ጅረት ብቻ ስለሚቆርጥ ዕድሜው ይረዝማል። ሪሌዩ ኃይል ሳያገኝ መስመሩን አገናኝቶ የሚቆይ ዓይነት ይሁን፤ ያኔ መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ብሬከሩም ጥበቃውን አይተውም። ቴርሞስታቱ ከጣሪያው ክፍል ጋር በዲጂታል መልእክት የሚነጋገር ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፤ ለመቁረጥ የሚመች የኮምፕሬሰር ሽቦ የለውምና።

የቆመ ኮምፕሬሰር ወዲያው መነሳት የለበትም። በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሞተሩ መዞር አቅቶት ከፍተኛ ጅረት ይስባል። ቴርሞስታቱ ይህን መዘግየት ከሌለው አራጋፊው ሊኖረው ይገባል።

የ120 ቮልቱን ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጡ። የ30 አምፔሩን ብሬከር በትልቅ መቀየር ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ሽቦው ለ30 ብቻ የተሠራ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲጫንበት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።