አባይን በሞተር ጀልባ፣ በክረምት

ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር የጀልባዋ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለ። እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። ነጂው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ሞተሩን ከውሃው ወደ ላይ አነሣና አረሙን በቢላ ይከረክም ጀመር።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት "ምን ሆነ ልጄ?" አሉት።

"ምንም አይደል አባ፣ ፒኗ ነች" አለና ከክብሪት ቀፎ ውስጥ አንዲት ቀጭን ብረት አወጣ።

ስለ ፒኗ ጠየቅሁት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ መጀመሪያ እሷ ትሰበራለች፤ እሷ ባትሰበር ውድ የሆነው ጊር ነው የሚሰበረው። ፊውዝ ማለት ናት። እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ እዚህ ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቶ ነው። ይቺ ፒን አባይ ሸለቆ ውስጥ፣ በነሐሴ፣ ብትሰበርስ?

የሞከሩት ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ ግን ወንዙ። አባይ ከጣና የሚወጣው ከባሕር ጠለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጢስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወድቀውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቀረውን ቁልቁለት ግን ሸለቆው ውስጥ ተደብቆ በፏፏቴና በድንጋይ መሀል ነው የሚወርደው። ሸለቆው አንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ይጠልቃል። በበጋ ያው ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሹለከለከ የሚሄድ ነው። በነሐሴ ግን ድንበሩ ላይ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ያልፋል።

በ1895 ዓ.ም. ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ አዳኝ በብረት የተሠሩ ጀልባዎች ይዞ ወደ ሸለቆው ወረደ። ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተሰባበሩ። የጉዞ ሸሪኩ ኖርዌጂያዊው ጄሰን ደግሞ ከሱዳን በኩል በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ መጥቶ ሊቀበለው ነበር፤ እሱንም ፏፏቴው መለሰው። ከዚያ በኋላ ሸለቆውን በደንብ ያጠናው ሰው፣ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን፣ ብልጥ ነበር፦ በበቅሎና በእግሩ ዳር ዳሩን ሄደ።

ሞተሩ በደንብ የተሞከረው በ1960 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሻምበል ከ60 የሚበልጡ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ይዞ መጣ። ኢትዮጵያውያንም አብረው ነበሩ። ጉዞውን ለሁለት ከፈለው። የታችኛውን ክፍል፣ ከደጀንና ከጎሃ ጽዮን መካከል ካለው ድልድይ እስከ ሲርባ አካባቢ፣ ኋላቸው ላይ ሞተር በተንጠለጠለባቸው ጠፍጣፋ የሠራዊት ጀልባዎች በነሐሴ ወረዱት።

ለምን በነሐሴ? እኔም መጀመሪያ እብደት መስሎኝ ነበር። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፦ በበጋ ድንጋዩ ሁሉ አፍጥጦ ስለሚወጣ ሞተር ያለው ጀልባ አንድ ቀን አይውልም። በክረምት ድንጋዩ ከውሃው በታች ይቀበራል። ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። ማዕበል ይመጣል፣ ሽክርክሪት ይመጣል፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ አብሮህ ይወርዳል፣ ማረፊያ የነበረው አሸዋማ ዳርቻም ይሰጥማል።

አንድ ያልገመትኩት ነገር ሞተሩ የሚያስፈልገው ለፍጥነት አለመሆኑ ነው። ፍጥነትማ ወንዙ በነፃ ይሰጣል፤ ይተርፋልም። ችግሩ ከውሃው ጋር እኩል የሚሄድ ጀልባ መሪ የለውም፤ እንደ ቅጠል ነው። ሞተሩ የሚሰጥህ ከውሃው የተለየ ፍጥነት ነው፣ ማለትም የመምረጥ ዕድል። ዳር ለመድረስ የጀልባውን አፍንጫ ወደ መጣህበት አዙረህ፣ ሞተሩን ሽቅብ እያስጮኽክ፣ ቀስ እያልክ ወደ ጎን ትንሸራተታለህ። ሞተሩ በዚያች ደቂቃ ከጠፋ የምታርፍበትን ቦታ የሚወስነው ወንዙ ነው።

የሚጠፋበት ምክንያት ደግሞ ሞልቷል። ግንድ ይመታውና ፒኗ ትሰበራለች። ማዕበል ከላይ ይደፋበታል። ከሁሉም የከፋው ደለሉ ነው፦ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከወንዙ በሚስበው ውሃ ነው፣ አባይ ደግሞ በክረምት ውሃ ብቻ አይደለም። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ይሸከማል። አሸዋው ፓምፑን ይፈጨዋል፣ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ሌላው ድንኳን ሲተክል፣ መካኒኩ በእጅ ባትሪ ሞተር ይፈታል። ጉማሬና አዞ በፎቶ ያምራሉ፤ ቀኑን የሚበላው ግን ፓምፕና ነዳጅ ነው። ነዳጁም ተቆጥሮ ነው፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ነው እዚያ የሚደርሰው።

የታችኛው ክፍል ተሳካ። የላይኛው፣ ከጣና ጀምሮ ያለው፣ ለሞተር የሚሆን አልነበረም፤ በትንንሽ የጎማ ጀልባዎች በመቅዘፊያ ገቡበት። ጀልባዎቹ ተገለበጡ። ፎቶ አንሺው፣ በኋላ በተራራ መውጣት ስሙ የገነነው ክሪስ ቦኒንግተን፣ ለጥቂት ከመስጠም ተረፈ። ሽፍቶች ሁለት ጊዜ ተኮሱባቸው።

የሞተው ሰው ግን ጀልባ ላይ አልነበረም። ኢያን ማክሊዮድ ይባላል፣ አሥር አለቃ ነው። በእግር ከሚጓዙት ጋር ሆኖ አባያ የሚባል ገባር ወንዝ ሞልቶ አገኙት (ከደቡቡ ሐይቅ ጋር አታምታቱት)። ሌሎቹ ተይዘው እንዲሻገሩበት ገመድ ታጥቆ ዋኘ። ውሃው ወሰደው።

ይቺን ካነበብኩ በኋላ ታሪኩን የማይበት ዓይን ተቀየረ። ጉዞው የሚተረከው በጀልባዎቹ ነው፤ ፎቶውም የጀልባ ነው። ገዳዩ ግን ከአባይ ጋር ሲወዳደር ስሙን ማንም የማያውቀው ገባር ነው፣ ሥራውም መሻገር ነው። መሻገር ደግሞ የጎጃምና የወለጋ፣ የጎጃምና የሸዋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲሠራው የኖረ ነው፦ በተነፋ አቁማዳ፣ በዋና፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ባለመሻገር። ገበያው ይቆማል፣ ሠርጉ ይቆያል፣ ለቅሶው ሳይደረስ ይቀራል። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው እንደተወሰደ የጻፈ የለም። እኔን ያናደደኝ እንግሊዞቹ መጻፋቸው አይደለም፤ እነሱማ የራሳቸውን ሰው በስሙ መዝግበዋል፣ ደግ አደረጉ። የእኛዎቹ ስም ነው የሌለው።

አሁን ያንን ጉዞ እስከ ድንበሩ ድረስ እደግመዋለሁ የሚል ካለ፣ የመጨረሻውን ክፍል አያገኘውም። ከጉባ ሽቅብ ያለው ወንዝ ንጋት ሐይቅ ሆኗል፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው። ጀልባ የሚያላጉት ድንጋዮች ከሥሩ ናቸው። እዚያ ላይ ዛሬ የሞተር ጀልባ እንደ ጣና ነው የሚሄደው፣ ሞገዱ ካልተነሣ።

የዘጌው ልጅ ፒኗን አስገብቶ ገመዱን ሁለቴ ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ። ስንት ትርፍ ፒን እንደሚይዝ ጠየቅሁት። የክብሪት ቀፎውን ነቅነቅ አደረገልኝ፤ ሁለት ናቸው መሰለኝ።

አባም "ለመመለሻ ይበቃል?" አሉት።

"ለመመለሻ ሌላ ጀልባ ነው የምትይዙት አባ" አለ።