የሸማው ዕድሜ፣ የሸማኔው መንደር፦ ከጨንቻ የወጣ ጨርቅ እንዴት ይለያል?

በሙዚየምም ሆነ በሰው ቤት የተቀመጠ አሮጌ ሸማ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በለባሹ ነው። የደጃዝማቹ ኩታ፣ የእቴጌይቱ ቀሚስ፣ የአያቴ ጋቢ ይባላል። ማን ለበሰው፣ መቼ ለበሰው፣ ለማን አወረሰው የሚለው ይተረካል። ጥጡን የፈተለችው ሴትና መወርወሪያውን የወረወረው ሰው ግን አይነሱም። ይህ ጉድለት ከማንም በላይ የጎዳው የጋሞን ደጋ ሰዎች ይመስለኛል። መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የአዲስ አበባን ሰው ያለበሱት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፤ የሠሩት ግን የእነሱ ተብሎ የተመዘገበው ጥቂት ነው። አሮጌ ሸማ የሚሰበስብ ሰው ስለዚህ ጨርቁ ስንት ዓመት እንደሆነው ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ደጋ እንደወጣም መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ጨርቁ ራሱ ነው።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቆርቁራ የአስተዳደር መቀመጫነቱን እስክትረከብ ድረስ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ እሷ ነበረች። ደጋው እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ እንጂ ጥጥ አያበቅልም። ጥጡ ከአባያ ዳርቻና ከሌላው የስምጥ ሸለቆ ቆላ በገበያ በኩል ወደ ተራራው ይወጣል። ሴቶቹ ይዳምጡታል፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ተሸምኖ ያለቀው ሸማ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበያ ይወርዳል። ጥሬ ዕቃው ከማይበቅልበት ቦታ ይህን የሚያህል ሙያ መነሣቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ የሸማኔዎቹ መንገድ ወደ ሰሜን ዞረ። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት፣ ነጭ መልበስ የሚወድ ብዙ ሕዝብ ነበረና ሸማኔዎቹ ጉለሌና ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። አዲስ አበቤዎች ከዶኮም ይምጣ ከእዞ፣ ከጨንቻም ይምጣ ከኦቾሎ፣ ሁሉንም «ዶርዜ» እያሉ በአንድ መንደር ስም ጠሩት፤ ስሙ አንዳንዴ የንቀት መጥሪያ እስከመሆን ደረሰ። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ «ዶርዜ የሠራው ነው» ሲባል የሰማው ነገር ስለ ሸማኔው ትውልድ መንደር ምንም ላይነግረው ይችላል። ጋሞ ደሬ በሚባሉ ብዙ ትናንሽ አገሮች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሸንጎና የራሱ ገበያ ነበረው። «አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ» የሚል ምዝገባ ደግሞ የተሸጠበትን ቦታ እንጂ የሙያውን ምንጭ አያመለክትም።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። በአውሮፓ የጥንት ዕቃ ገበያ «የሙሮች ጠረጴዛ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ማዕዘን፣ በዛጎልና በአጥንት የተለበጠው ትንሽ ጠረጴዛ ከሞሮኮ ብቻ አይደለም። ደማስቆ ሠርታዋለች፤ ካይሮ ላይ ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፓርቪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ስልት ሠርቶ አውሮፓ ድረስ አሳይቷል፤ በ1875 እ.ኤ.አ. ለንደን የተከፈተው የሊበርቲ መደብርም የዚህ ዓይነት ዕቃ ይሸጥ ነበር። አዋቂ ገዢ ላዩ ላይ ባለው ጌጥ ከመማረኩ በፊት ጠረጴዛውን ገልብጦ የመጋዙን ፋና፣ የምስማሩንና የብሎኑን ዓይነት ያያል። የእኛም ሸማ መገልበጥ አለበት።

አንድ አሮጌ ጋቢ ወደ መስኮት ብርሃን አቅርባችሁ፣ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ክሩን እዩት። የእጅ ፈትል አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፤ ጥቂት ይሄድና ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ አልፎ አልፎም ያልጠራ የጥጥ ፍሬ ስባሪ ተጣብቆበት ይገኛል። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ከዚያ ድሩንና ማጉን ለይታችሁ እዩ። ሁለቱም የእጅ ፈትል ከሆኑ ጨርቁ አሮጌ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከሕንድ የገባ የፋብሪካ ክር ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበያ ላይ ነበር፤ በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የድሬዳዋ ፋብሪካና በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ፋብሪካ ክሩን በየቦታው አደረሱት። ለድር የሚሆነው ክር ጥንካሬ ስለሚፈልግ ሸማኔው መጀመሪያ የለወጠው እሱን ነው። የፋብሪካ ድር ስላየ ብቻ ጋቢውን የትናንት ነው ብሎ የሚጥል ሰብሳቢ ብዙ ጥሩ ነገር ያጣል።

ጥለቱ ይበልጥ ይናገራል። ቀይና ሰማያዊ የጥጥ ክር ከባሕር ማዶ በወደቦች በኩል ለረጅም ዘመን ሲገባ ስለኖረ ቀለም ብቻውን የዕድሜ ምስክር አይሆንም። የክሩ ባሕርይ ግን ቁርጥ ያለ ቀን ይሰጣል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ለገበያ የዋለው በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ዛሬ በየጥበቡ ላይ የሚያብለጨልጨው፣ ብረት የመሰለው የፕላስቲክ ክርም ገበያ ላይ የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዘርፉ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጥሮ እንደ ዶቃ ይቀራል። «የምኒልክ ዘመን» በተባለ ኩታ ጥለት ላይ ዶቃው ከተገኘ፣ ቢያንስ ጥለቱ የምኒልክ ዘመን አይደለም።

የአልትራቫዮሌት መብራት ያላቸው ሰብሳቢዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ጨርቅን የሚያነጡ ኬሚካሎች ስለተስፋፉ አዲስ ጨርቅ በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ይሁንና እነዚሁ ኬሚካሎች በልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥም አሉ። በየበዓሉ በኦሞ የታጠበ የሰማንያ ዓመት ጋቢ እንደ አዲስ ሊያበራ ስለሚችል መብራቱን ብቻውን የሚያምን ሰው ይሳሳታል።

ጥበቡ የታተመ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፤ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ከውጭ የሚገባው የታተመ ጨርቅ በጀርባው የደበዘዘ ነው፤ የተሸመነው ግን ክሩ በጀርባም ሲሄድ ይታያል። ሆን ተብሎ ያረጀ እንዲመስል የተደረገውን መለየት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጋሞ ቤት ምድጃው ቤት ውስጥ ስለሆነ እዚያ የኖረ ጨርቅ ጭስ ይጠጣል፤ ጭሱ ግን እኩል አይገባም። ተጣጥፎ የኖረ ሸማ በማጠፊያው መስመር ያልቃል፣ የእጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ከውጩ ይነጣል። በሻይ ወይም በቡና የተነከረው ከዳር ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ ስፌቱ ሥር ያለው ክር ሳይቀር ቀልሟል። ሁለቱ ቁራጭ የተጋጠሙበትን ስፌት ትንሽ ከፈት አድርጎ ማየት ከብዙ ወሬ ያድናል።

አሠራርን ማንበብ የት ድረስ እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያለው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ዘመቻ ጊዜ የተወሰደው የሐር የቤተ መቅደስ መጋረጃ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። ቶሮንቶ የሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምም ተመሳሳይ አሠራር ያለው መጋረጃ አለው። ተመራማሪዎች ክሩን ሲከተሉ መጋረጃው ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ክር እያጠማዘዙ የተሸመነ መሆኑን ደረሱበት፤ በዚህ ስልት በዚያ ስፋት የተሠራ ጨርቅ እጅግ ብርቅ ነው። ሐሩ ከውጭ የገባ፣ እጁ ግን የአገር ሰው ነው። የሸማኔዎቹ ስም ባይቀርም ሙያቸው ታወቀ። የጋሞ ሸማ ይህን ያህል ትኩረት አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

ምሁራን ግን ደጋውን ጨርሰው አልረሱትም። የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ ኢትዮጵያን አጥንቷል፤ ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጦ ጽፏል። ለሰብሳቢ ይበልጥ የምትጠቅመው ጁዲት ኦልምስቴድ ትመስለኛለች። በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ዲታ በሚባለው የጋሞ ደሬ ያለችን የገበሬ ሚስትና የዶርዜን የሸማኔ ሚስት ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነጻጽራለች። ሸማ ሲነሣ ሁሉም የሚያየው መሸመኛው ላይ የተቀመጠውን ወንድ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ክር መፍተል ከመሸመኑ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ከላይ በአጉሊ መነጽር ያየነው የሚወፍርና የሚሳሳ ክር የአንዲት ሴት እጅ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አሮጌ ሸማ በሻንጣ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ይህን ይወቅ። እዚሁ አገር የሚሰበስብ ደግሞ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ክር የሚሸመነውን የጋሞ ዱንጉዛ ዛሬውኑ ቢጀምር መልካም ነው። ዱንጉዛ ተወዳጅ ሆኖ በየቦታው በሰው ሠራሽ ክር እየተሠራ ስለሆነ የጥጡ አሮጌ ዱንጉዛ በየሳጥኑ ውስጥ ዋጋ ሳያገኝ ሊያልቅ ይችላል። ሲገዛም በመዝገቡ ላይ የሻጩን ከተማ ጽፎ አይብቃው፤ ደሬው የቱ ነው፣ ድሩ የማን ፈትል ነው፣ ማን ሸመነው፣ ለየትኛው በዓል ተለበሰ ብሎ ይጠይቅ። ጨንቻ ገበያ የሚቆመው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ጥጥና ፈትል በሚሸጥበት በኩል የተቀመጡት ባልቴቶች ጨርቁን በጣታቸው ዳስሰው ስለ ፈትሉ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይነግሩታል።