ዋልያና የአዳኞቹ ዘመን

ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች ሌላ አገር የለውም። ስለ ሰሜን የአደን ክልከላ የሚያወራ ሁሉ ከዚህ ቢነሳ ደስ ይለኛል። እዚህ ቢያልቅ ከሌላ ቦታ አምጥተን እንተካው የሚባልበት መንጋ የለም።

እኔ በደባርቅ ከተማ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ነኝ፤ አያቴ ግን አዳኝ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን አውሬ የገደለ ሰው በድግስ ላይ ፎክሮ ይናገር ነበር፤ አንበሳ የጣለ ጎፈር ይደፋል፣ ዝሆን የጣለማ ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዋልያ እንደ አንበሳ አያስፎክርም፤ ቀንዱ ግን ይፈለግ ነበር። በቤታችን አንድ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ነበር፤ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ፊት ለፊቱ ጉብ ጉብ ያለ፣ ውስጡ በጠላ ብዛት የጠቆረ። የሚወጣው ለክቡር እንግዳ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ቀንድ የሚኖረው ዕድሜ የጠገበ አውራ ስለሆነ፣ አዳኝም መርጦ የሚያነጣጥረው በእሱ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ የተመታው ዋልያ ከገደሉ ተንከባሎ ማንም ከማይደርስበት ስለሚወድቅ ብዙ ጊዜ ሥጋውም ቀንዱም አይገኝም፤ በከንቱ ይቀራል።

ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ በ1830ዎቹ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተመራማሪዎች አልነበሩም። ሜጀር ሜይደን የተባለ እንግሊዛዊ በ1925 ስለ ሰሜን ያሳተመው መጽሐፍ፣ ከርዕሱ ጀምሮ የጉዞና የአደን ስፖርት ማስታወሻ ነው። ያገራችን ሰውም ለክብር፣ እንግዳውም ለመዝናኛ ይተኩስ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠመንጃ በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ባሰ።

አደን የሚገድብ አዋጅ በ1944 ወጥቶ ነበር። ወረቀቱ አዲስ አበባ፣ ገደሉ ሰሜን ሆኖ ግን ሃያ ዓመት አለፈ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንን ሲያጠና የዋልያው ቁጥር 200 እንኳ የሚሞላ አልነበረም። በ1963 ሰር ጁሊያን ሀክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ልዑክ አገራችን መጣ፤ ብሔራዊ ፓርኮች የማቋቋሙ ሥራም በዚያ ጊዜ ተጠናከረ። ሰሜን በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፣ በ1978 ከዓለም ቅርስ መዝገብ የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ክልከላው ትክክል ነበር። ክብርም ይሁን መዝናኛ፣ አንድ ገደል ላይ ብቻ የቀረን እንስሳ መግደያ ምክንያት አይሆንም። በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘን ዛሬም በፈቃድና በክፍያ ይታደናል፤ በሰሜን ዋልያ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዲታሰብ አልፈልግም። ዛሬ የማስጎበኛቸው ሰዎችም ገደብ አለባቸው፤ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ ጠባቂ፣ አይንቀሳቀሱም፣ ድንኳን የሚተክሉት እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ባሉ በተመደቡ ቦታዎች ነው። አንዳንዱ ጎብኚ ከገደሉ ጫፍ ላይ ማደር አምሮት ይቆጣል። ዋልያው ማለዳ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያው በኩል መሆኑን ሳስረዳው አብዛኛውን ጊዜ ይገባዋል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የፓርኩ ሕግ የአዳኙን ጨዋታና የገበሬውን ኑሮ በአንድ ዓይን አየ። ለመዝናናት የመጣው ሰው ሲከለከል ጠመንጃውን ይዞ አገሩ ገባ። ገብስ የሚዘራው፣ በግ የሚያግደው፣ እንጨት የሚለቅመው ግን የሚሄድበት አልነበረውም። በደርግ ዘመን በቆላው በኩል ያሉ መንደሮች እንዲነሱ ተደረገ። በ2016 ደግሞ ከ400 በላይ አባወራ የነበረው የፓርኩ መንደር ግጭ ወደ ደባርቅ ወረደ፤ በዓመቱ፣ በ2017፣ ሰሜን ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ሜዳው እንዲያገግም ግጦሹ መቀነስ ነበረበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከተማ ወርዶ ማሳም በግም የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሠራ በየቀኑ አየዋለሁ። ስካውትነቱ፣ የበቅሎ ኪራዩ፣ የካምፕ ምግብ ማብሰሉ በተራ የሚደርስ ሥራ ነው፤ ተራው ሲወጣ የግጭ ልጆች ይቅደሙ እላለሁ፤ የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ሲሰበሰብም የምለው ይህንኑ ነው።