ምክንያቱ ያልተነገራት ሙሽራ

ኦገስት 14 ቀን 1948 ኤለን ክናውፍ የምትባል ሴት ኒው ዮርክ ደረሰች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ባሏ ኩርት ክናውፍ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ በክብር ተሰናብቷል። የተጋቡት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ሲሆን፣ በፍራንክፈርት የነበሩት የአሜሪካ ጦር አዛዥ ለጋብቻው ፈቃድ ሰጥተዋል። ኤለን የመጣችው በባሏ አገር ዜግነት ለመጠየቅ ነበር። ወደ ከተማው ግን አላስገቧትም፤ ኤሊስ ደሴት ወስደው ያዟት። ለምን እንደሆነ ጠየቀች። የሚነግራት ሰው አልነበረም።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሥራዬ ለአገሬ ልጆች ሰነድ መተርጎምና ፎርም መሙላት ነው። በብዛት የሚመጣልኝ የትዳር ጉዳይ ነው። ዜግነት ያገኘች ሚስት አዲስ አበባ ያለውን ባሏን፣ ወይም ባል ጎንደር ያለችውን ሚስቱን ለማምጣት አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባሉ። ከዚያ ትዳሩ የእውነት መሆኑን ማሳየት ይመጣል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ መልስና ቅልቅል ድረስ የተነሱ ፎቶዎች ይሰበሰባሉ። በየፎቶው ጀርባ ማን ማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፦ ይቺ የሙሽራው እናት፣ ይህ አንደኛ ሚዜ፣ እኚህ ቃል ያሰሩት ቄስ።

ብዙ ጊዜ ቪዛው ይመታል፤ ምስጋና ይግባው፣ ሰዎች ይገናኛሉ። አንዳንዴ ግን ባል ወይም ሚስት ከቃለ መጠይቁ አንዲት ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ወረቀቷ ላይ የሕግ አንቀጽ ቁጥር አለ፤ ሰውየው ምን አደረገ የሚለው ግን የለም። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የምትሠራ አንዲት እናት ያቺን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ ባሌ ምን አደረገ ነው የሚሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን አነበብኩላት፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረኝም። ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ሄጄ ማንበብ የጀመርኩት እንዲህ ያለው ጥያቄ ስለተደጋገመብኝ ነው። ንባቤም ወደ ኤለን ክናውፍ ወሰደኝ።

አሜሪካ ውስጥ ትዳር ብቻውን ድንበር አስከፍቶ አያውቅም። እንዲያውም በ1907 የወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች አሜሪካዊትን ዜግነቷን ይነጥቃት ነበር። በ1922 የኬብል ሕግ ይህን አሻሻለ፤ ነገር ግን ባሏ ዜግነት እንዳያገኝ በሕግ ከተከለከሉት፣ በተለይም ከእስያውያን ወገን ከሆነ፣ ቅጣቱ እስከ 1931 ድረስ አልተነሳላትም። በ1925 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች የአሜሪካ ዜጎችን ያገቡ ቻይናውያን ሚስቶች በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት መግባት እንደማይችሉ ወሰኑ። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ለእነዚህ ሴቶች በር የከፈተው በ1930 ነበር፤ እሱም ከሜይ 26 ቀን 1924 በፊት ለተጋቡት ብቻ። ባሎቻቸው እዚያው አሜሪካ የተወለዱ፣ ግብር የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ።

ያን ልማድ ያናጋው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በየአገሩ የተሰማሩ ወታደሮች እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ትዳር መሠረቱ። እነዚህን ሚስቶች ተራ ማስጠበቅ ለወታደሩ ውለታ ቢስነት ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ዲሴምበር 28 ቀን 1945 «የጦርነት ሙሽሮች ሕግ» የተባለውን አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የወታደር ሚስት ወይም ባል በየአገሩ ከተወሰነው የስደተኛ ኮታ ውጭ ይገባል፤ ቪዛ አይጠየቅም፤ በሕመምም አይመለስም። ሕጉ የሚቆየው ለሦስት ዓመት ነበር። በ1946 መጀመሪያ «አርጀንቲና» የተባለችው መርከብ ከ400 በላይ ሙሽሮችን ከነልጆቻቸው ከእንግሊዝ ወደ ኒው ዮርክ አመጣች፤ ሌሎች መርከቦችም ተከታትለው መጡ። ለእስያውያን ሙሽሮች ግን በሩ ቶሎ አልተከፈተም። የዘር ክልከላው ለወታደር ሚስቶች የላላው በ1947 በወጣ ማሻሻያ ነው።

ኤለን የመጣችው ሕጉ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከዚያ በፊት የሄደችበት መንገድ ረጅም ነበር። በ1915 ጀርመን ተወለደች፤ በሂትለር ዘመን ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተሻገረች፤ እዚያ አግብታ ፈታች። በ1939 እንግሊዝ በስደተኛነት ገባች። ከ1943 እስከ 1946 በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ አገለገለች፤ አገልግሎቷም የተመሰገነ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ተመልሳ በአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ሥር በሲቪል ሠራተኛነት ተቀጠረች፤ የሥራ ውጤቷ «በጣም ጥሩ» እና «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ የሚናገረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ራሱ ነው። ሰዎቹ ማንነቷን አላጡትም።

ታዲያ የታገደችው በምን ነበር? አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከመግባቷ በፊት፣ በጁን 1941፣ ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ የውጭ ሰዎችን መግባትና መውጣት የመገደብ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርተው በወጡ መመሪያዎች፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የአንድ ሰው መግባት አገር ይጎዳል ብለው ካመኑና ማስረጃው ምስጢር ነው ካሉ፣ ሰውየውን ሳይሰሙ መከልከል ይችሉ ነበር። ሂትለር ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አስቸኳይ ጊዜው ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1948 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ረዳት ኮሚሽነር ኤለን ያለ ችሎት ለዘለቄታው እንድትከለከል ሐሳብ አቀረቡ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቶም ክላርክ በዚያው ዕለት አጸደቁት። ባልም ሚስትም ምን እንደተባለ አላዩም።

ኤለን ጉዳዩን በፍርድ ቤት ይዛ እስከ ላይ ደረሰች። ጃንዋሪ 16 ቀን 1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደባት። ቶም ክላርክ በዚህ ጊዜ ራሳቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሹመው ስለነበር በጉዳዩ አልተቀመጡም፤ ዳኛ ዳግላስም አልተሳተፉም። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሸርማን ሚንተን ናቸው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ የውጭ ሰው ወደ አሜሪካ መግባቱ በመንግሥት ፈቃድ የሚገኝ ነገር እንጂ መብት አይደለም፤ ምክር ቤቱ የፈቀደው ሥርዓት ምንም ይሁን ምን፣ ለተከለከለ የውጭ ሰው በቂ የሕግ ሥርዓት እሱ ነው። የጦርነት ሙሽሮች ሕግም ቢሆን የጸጥታ ክልከላውን አላነሳውም አሉ።

ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ሮበርት ጃክሰን ናቸው። ጃክሰን በኑረምበርግ የናዚ መሪዎች ሲዳኙ የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ ያ የ1941 ሕግ ሲወጣ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እሳቸው ነበሩ። ምስጢር የተባለ ፋይል ምን ሊይዝ እንደሚችል የሚያውቁ ሰው ናቸው ማለት ነው። እሳቸው ያዩት ከኤለን ይልቅ ባሏን ነው። አንድ አሜሪካዊ ዜጋ ሚስትህን ማምጣት አትችልም ይባላል፤ ለምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ወይ ሚስቱን ትቶ በአገሩ ይኑር፣ ወይ አገሩን ትቶ ከሚስቱ ጋር ይኑር። ይህን ያህል ከባድ ምርጫ በምስጢር በተያዘ ክስ ሰው ላይ መጫን እንደማይገባ ጻፉ። ምስጢር ለተንኮለኛውም፣ የተሳሳተ ነገር ለሰማውም፣ በሰው ጉዳይ ጣልቃ ለሚገባውም፣ ለሙሰኛውም ጠቋሚ መሸሸጊያ እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ከተፈረደ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ማስጠንቀቂያቸውን አረጋግጧል።

ፍርድ ቤቱ በሩን ሲዘጋ ኤለን ሌሎች በሮችን አንኳኳች። ከሁሉ አስቀድሞ ጋዜጦች ጮኹላት፤ በተለይ በሴንት ሉዊስ የሚታተመው «ፖስት ዲስፓች» ጉዳዩን ያዘው። ከተወካዮች ምክር ቤት ፍራንሲስ ዋልተር፣ ከሴኔት ዊልያም ላንገር ለእሷ ብቻ የሚሆን ሕግ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ይህን እያየ ሳለ፣ በሜይ 1950 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በአውሮፕላን ወደ ጀርመን ሊመልሳት ተነሳ። ያን ጊዜ ዳኛ ጃክሰን የማገጃ ትእዛዝ ሰጥተው አስቆሙት። ነጋሪት የማይጎሰምለት ሥራ ነው፤ ግን ያ ትእዛዝ ባይኖር ቀሪው ታሪክ አይኖርም ነበር።

በመጨረሻም ግፊቱ በዝቶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሃዋርድ ማግራዝ ችሎት እንዲደረግላት ፈቀዱ። ማርች 26 ቀን 1951፣ ከመጣች ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር በኋላ፣ ኤለን የተከሰሰችበትን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ሰማች። ክሱ ፍራንክፈርት ስትሠራ ለቼኮዝሎቫኪያ ሚሲዮን ምስጢር አሳልፋ ሰጥታለች የሚል ነበር። ሦስት ምስክሮች ቀረቡ። ያንን ምስጢር ስታቀብል ዓይኑ ያየ ከመካከላቸው አልነበረም፤ የነገሩት ከሌላ ሰው የሰሙትን ነው። ጉዳዩን የሰማው የመጀመሪያው ቦርድ እንዲያም ሆኖ ፈረደባት። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ግን ኦገስት 29 ቀን 1951 ማስረጃው የሰሚ ሰሚ እንጂ ሰው የሚከለከልበት አይደለም ብሎ ሻረው። ኖቬምበር 2 ቀን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አጸደቁት፤ ኤለንም አሜሪካ ገባች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ያስፈራው ምስጢር ፀሐይ ሲነካው ይህን ያህል ነበር።

በ1952 ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች። ከኩርት ጋር የነበራት ትዳር ግን አልዘለቀም፤ በኋላ ዊልያም ሃርትሊ ከተባለ ጸሐፊ ጋር ተጋብታ እሷም በጸሐፊነት ኖራለች። ሦስት ዓመት የተለያየ ትዳር ምን እንደሚሆን ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ፕሮሰስ እስኪያልቅ እየተባለ ልጅ በስልክ ያሳደገ አባት በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አለ።

ኤለን ብትገባም የተፈረደባት ፍርድ አልተሻረም። ከአፍጋኒስታን መጥታ ዜጋ የሆነች አንዲት ሴት፣ ባሏ ለምን እንደተከለከለ ዝርዝር እንዲነገራት ጠይቃ በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ተሸነፈች። ጁን 21 ቀን 2024 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የምትሠራ የሲቪል መብት ጠበቃ 6 ለ 3 ተረታች። ኤል ሳልቫዶራዊ ባሏ በ2015 ቪዛ ሲከለከል የተጠቀሰለት አንቀጽ ብቻ ነበር፤ የወንበዴ ቡድን አባል ነው ተብሎ መጠርጠሩን ያወቁት ፍርድ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ከሦስት ዓመት ገደማ ቆይታ በኋላ ነው። ዳኞቹ አንድ ዜጋ የውጭ አገር የትዳር ጓደኛው አገር እንዲገባለት መሠረታዊ መብት የለውም ሲሉ፣ በማስረጃነት ከጠቀሷቸው ፍርዶች አንዱ የኤለን ክናውፍ ነው። በመካከሉም ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 በወጣ አዋጅ ኤርትራውያን የኢሚግራንት ቪዛ ታግዶባቸው ነበር፤ እስኪሻር አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሐበሻ ተጋብቶ በተዋለደበት በዚህ አካባቢ፣ ያን ዓመት የማያስታውስ ፎርም ሞይ የለም።

አገር ድንበሩን የመጠበቅ ሥልጣን አለው፤ ይህን አልክድም። ሰላይም፣ ሐሰተኛ ጋብቻም አለ፤ እኔም አይቻለሁ። ግን በደል አለበት የተባለ ሰው በደሉ ሊነገረው ይገባል። ኤለን ከእስር የወጣችውም ከመባረር የዳነችውም መንግሥት ስላዘነላት አይደለም፤ ክሱ በግልጽ እንዲነገር ስለተገደደ ነው። በተነገረ ጊዜም ቆሞ መሄድ አልቻለም። ምክንያቱን የማይናገር ክልከላ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚያውቅ የለም፤ የከለከለው ሰው ራሱም ቢሆን።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ትዳራችሁ በሁለት አገር ያለ ወንድሞችና እህቶች፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። የላካችሁትንም የተላከላችሁንም ወረቀት ሁሉ ቅጂውን አስቀምጡ። ክልከላ ከመጣ ከጎረቤት ወሬ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ጠይቁ፣ አንዴ ዝም ቢሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ዜጋ ከሆናችሁ ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤት አባላችሁ ቢሮ ጻፉ። ኤለንን ፍርድ ቤት አላስገባትም፤ ያስገባት ለጋዜጣና ለምክር ቤት የጮኸው ሰው ነው። በስማችሁ የተመረጠ ሰው አለ፤ ድምፃችሁን አሰሙት።