ከዲግሪ በኋላ የሚጀመር ላቲን

ሃርቫርድ በ1640ዎቹ ባወጣው ደንብ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኮሌጁ የሚገባ ልጅ ሮማዊውን ጸሐፊ ሲሴሮን ሳይዘጋጅ አንብቦ መረዳት፣ በላቲን ግጥም መግጠም፣ የግሪክኛውንም ስምና ግስ ማርባት ነበረበት። ይህ የመግቢያ እንጂ የምረቃ መስፈርት አልነበረም። ዛሬ በዚያው በአሜሪካ ያንን እርባታ ሀ ብሎ የሚጀምር፣ ዲግሪውን በእጁ የያዘ ሰው ብርቅ አይደለም።

በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። ሃርቫርድ የግሪክኛን ግዴታ በ1880ዎቹ አላላ፤ ኦክስፎርድ በ1920፣ ዬል ደግሞ የላቲንን በ1931 ተወ። ዩኒቨርሲቲዎቹ መጠየቅ ሲያቆሙ ትምህርት ቤቶቹም ማስተማሩን ተዉት። በአሜሪካ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1962 ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ የላቲን ተማሪ ነበረ፤ በ1976 የቀረው 150 ሺህ ገደማ ነው።

በድሮው በር ግን የማልናፍቀው ነገር አለ። ዊልያም ሳንደርስ ስካርቦሮ በ1852 ጆርጂያ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ፊደል የቆጠረው ተደብቆ ነው። በ1881 የግሪክኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ስንቱ ስካርቦሮ ከደጅ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው መንገድ የተጠረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ፍሬድሪክ ዊሎክ በ1956 ያሳተመው ዝነኛ መማሪያ መነሻው ከጦር ግንባር ተመልሰው ኮሌጅ ለገቡ ወታደሮች ያዘጋጀው ትምህርት ነበር። በ1973 የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የዓመታቱን ላቲን በአንድ ክረምት የሚያስጨርስ ተቋም ከፈተ። ፔንሲልቬኒያን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለተመራቂዎች አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚፈጅ መርሐ ግብር አላቸው። በዘርፉ የዶክትሬት ትምህርት ክፍሎች ላቲንንም ግሪክኛንም አጥብቀው ስለሚጠይቁ፣ በሃያ ዓመቱ የጀመረ ተማሪ ክፍተቱን የሚሞላው በእነዚህ መርሐ ግብሮች ነው። ሲጨርስ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ክፍያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው። በእውቀት ማነስ ይዘጋ የነበረው በር አሁን በገንዘብ ይዘጋል ብል አላጋነንኩም።

ትምህርቱ ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል አያስፈራም። «ፑኤላ ፖኤታም አማት» ማለት «ልጅቷ ገጣሚውን ትወዳለች» ነው። ቃላቱን አገላብጠው «ፖኤታም ፑኤላ አማት» ቢሉትም የምትወደው ያው ልጅቷ ናት፤ «ገጣሚውን ልጅቷ ትወዳለች» እንደምንለው። የእኛን «ን» ሥራ የሚሠራው መጨረሻው ላይ ያለችው «ም» ናት። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ሳምንታት የሚደናገርባትን ነገር ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በአንድ ቀን ይይዛታል።

ግዕዝ ለምታጠኑ ደግሞ ጉዳዩ የቅርብ ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተመው፣ ምሁራን ዛሬም የሚገልጡት ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የሚፈታው በላቲን ነው። አንድ ክረምት መድቡለት።